ሳንጋባ የወለድነው ልጄ ኮምቦልቻ ነው፤ እኔ ጅዳ ነኝ፤ አባትነቴ በሕግ የሚታወቀው እንዴት ነው?

የቃሉ ልጅ (ጅዳ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ጉዳዩ የግል ነው፤ ነገር ግን ብዙ የወሎ ልጅ በዓረብ አገር ተቀምጦ ሌሊት ሌሊት የሚያብሰለስለው ስለ መሰለኝ በግልጽ ልጻፈው።

ትውልዴ ቃሉ ወረዳ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባ በቀን ሠራተኝነት ስሠራ ከአንዲት የከተማዋ ልጅ ጋር ተዋወቅን፤ ከኅዳር 2009 ዓ.ም. ጀምሮም አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። ኒካሕ አላሰርንም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኬ አባቷ «ቋሚ ሥራ ይያዝና ይምጣ» ብለው መለሷቸው፤ ሥራው ደግሞ ግንባታው ሲያልቅ አብሮ አለቀ። በጥር 2010 ዓ.ም.፣ እሷ ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች እያወቅሁ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሬ ሳዑዲ ገባሁ። ልጃችን የተወለደው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነው። በ2013 ዓ.ም. ከተመላሾች ጋር ወደ አገሬ ስመለስ ሃያ ቀን ያህል ኮምቦልቻ ቆይቼ ልጁን አየሁት፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሥራ ውል ይዤ ጅዳ ተመልሼ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ሆንሁ። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አለኝ።

ገንዘብ ስልክ አላቆምሁም። መጀመሪያ በሐዋላ (ያለ ባንክ፣ በሰው በኩል)፣ በኋላም በእህቴ የባንክ ሒሳብ እልክ ነበር፤ እህቴም ለልጁ እናት በእጇ ትሰጣታለች። አሁን ግን የልጁ እናት ልታገባ መሆኑን እህቴ ነገረችኝ። የሚያገባት ሰው ልጁን በራሱ ስም አስመዘግባለሁ እንዳለ፣ ወደፊትም ሦስቱም ወደ ውጭ አገር ሊወጡ እንደሚችሉ ሰማሁ። ይህን ስሰማ እህቴ የልጁን የትምህርት ቤት መታወቂያ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። በስልኬ አስፍቼ ሳየው ከልጁ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የእናቱ አባት ስም ነው። በኢሞ ስንነጋገርም «ጋሼ፣ ኳስ ላክልኝ» ነው የሚለኝ። ማን እንደ ሆንሁ አልተነገረውም።

በቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት ገና እንዳልወጣለት እህቴ አረጋግጣለች። የቤት ኪራይ ውላችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን በነካ ጊዜ ቤተሰቡ ጥሎት ከወጣው ዕቃ ጋር ጠፍቷል። ስለዚህ ሳንጋባ የወለድን ሰዎች በመሆናችን መብት አለኝ ወይስ የለኝም? ጅዳ ተቀምጬ አባትነቴን ማስመዝገብ እችላለሁ ወይስ ሥራዬን ትቼ መምጣት አለብኝ? እንጀራ አባቱ ልጁን በስሙ ቢያስመዘግበውስ ወይም ከአገር ይዞት ቢወጣስ መቃወም እችላለሁ? ሕጉን የምታውቁ ብታብራሩልኝ ውለታ ነው።

ጠበቃ ከደሴ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄዎ ላይ ያለውን አንድ ግምት ላርም። «ሳንጋባ ስለ ወለድን» የሚለውን እንደ ጥፋት ቆጥረው ነው የጀመሩት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ከጋብቻ ከተወለዱ ልጆች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። እንዲያውም ወላጆቹን ማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ ማግኘት የልጁ የራሱ መብት ነው። ከእርስዎ የሚፈለገው የሠርግ ወረቀት ሳይሆን አባትነትዎ በሕግ የታወቀ መሆኑ ነው። እሱ ካልተረጋገጠ ልጁን ስለ መጎብኘትም፣ ስለ ፓስፖርትም፣ ስለ እንጀራ አባትም የሚያነሡት ክርክር መቆሚያ አያገኝም፤ የታወቀ አባት የሌለው ልጅ ኃላፊነቱ በእናቱ ላይ ብቻ ይወድቃልና።

በኢንተርኔት የሚያገኙት የቤተሰብ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ እሱ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሚጠቀሰው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ሁለቱ በመሠረታዊ ነገሮች ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ከውጭ አገር ተጽፈው የሚመጡ አቤቱታዎች የፌዴራሉን አንቀጽ እየጠቀሱ ዳኛውንም ባለጉዳዩንም ሲያደክሙ ስላየሁ ነው የማነሣው።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ የእርስዎ ታሪክ ከሚያስቡት በላይ ጠንካራ ነው። ሕጉ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቀዋል፤ በዚህ ኑሮ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ አብሮ ይኖር የነበረው ሰው እንደ ሆነ ይገመታል። ጊዜውም የሚሰላው በጋብቻ ላይ በሚሠራው ደንብ ነው፤ ልጁ አብሮ መኖር ከተጀመረ ከ180 ቀን በኋላ፣ ኑሮው ከተቋረጠም ከ300 ቀን ሳያልፍ የተወለደ እንደ ሆነ የዚያ ኑሮ ልጅ ነው። እርስዎ በኅዳር 2009 ጀምረው በጥር 2010 ተለዩ፤ ልጁ በሰኔ ተወለደ። ከተለያዩበት ቀን እስከ ልደቱ አምስት ወር ቢሆን ነው፤ ከ300 ቀኑ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው።

ግን ይህን ማስረዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። እየተገናኙ ማደር ብቻውን፣ ምንም ያህል ቢደጋገም፣ እንደ ባልና ሚስት መኖር አይባልም። ዳኛው የሚፈልገው በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖሩ እንደ ነበር፣ ጎረቤቱም ቤተሰቡም እንደ ባልና ሚስት ያውቃችሁ እንደ ነበር ነው። የኪራይ ውሉ መጥፋቱ አያስደንግጥዎት፤ አከራይ፣ የግቢ ጎረቤት፣ ስትታመሙ የጠየቃችሁ ሰው፣ የተላኩት ሽማግሌዎች ራሳቸው ምስክር ናቸው። ሽማግሌዎቹን በተለይ እንዲያስቡባቸው እመክራለሁ፤ ለማን ሊለምኑ እንደ ሄዱ ያውቃሉና።

አጭሩ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ በሕጉ ቋንቋ ልጅነትን መቀበል ይባላል። አባት በክብር መዝገብ ሹም (ልደትና ጋብቻ በሚመዘግበው ሹም) ፊት ቀርቦ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ «ይህ ልጅ ልጄ ነው» ብሎ ይቀበላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ እናቱ እውነት ነው ብላ ካላመነችበት የእርስዎ መቀበል ብቻውን ውጤት የለውም። ስለዚህ ከእናቱ ጋር መነጋገር ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የሕጉ አንዱ መስፈርት ነው። እሷ እምቢ ካለች አብሮ በመኖር የሚገኘውን አባትነት ይዘው ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። አባትነት በፍርድ ሲወሰን ከሚታዩት ነገሮች መካከል ከሰውየው የተጻፉ ደብዳቤዎችና ሌሎች ጽሑፎች፣ እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግና ቀለብ መሳተፉም አሉ። በእህትዎ ሒሳብ የላኩት ገንዘብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የባንኩ መግለጫ ከእህትዎ ምስክርነት ጋር ይቀርባል። በሐዋላ የላኩት ግን ወረቀት ስለሌለው እንደ አልተላከ ይቆጥሩት።

አባትነቱ ከታወቀ በኋላ ምን ያገኛሉ? በልጁ ትምህርት፣ ጤናና አኗኗር ላይ ድርሻ ይኖርዎታል፤ ቀለብም ግዴታዎ ይሆናል። ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ ከሁሉም በላይ የልጁን ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። ሰባት ዓመቱን ሙሉ ከእናቱ ጋር ያደገን ልጅ ጅዳ በአሠሪው ግቢ ለሚያድር ሾፌር የሚሰጥ ዳኛ ያለ አይመስለኝም፤ እንዲጠይቁም አልመክርም። መጠየቅ ያለብዎት በስልክና በምስል የሚገናኙበት የታወቀ ቀንና ሰዓት፣ ለዕረፍት ሲመጡ የሚያገኙበት ጊዜ፣ ስለ ትምህርቱ የሚነገርዎት መረጃ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያየ አገር የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለእርስዎ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል፤ አቤቱታው ውስጥ ይግባ።

ከዚህ ጋር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት መዝገብ ቁጥር 23632ን ሳይጠቅሱ አይለፉ። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነ ነው፤ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ለብዙ ዓመት ያሳደገችው አክስት እና በኋላ «አባት ነኝና ይሰጠኝ» ያለው ወላጅ ያደረጉት ክርክር ነው። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ወስነው ነበር፤ ሰበር ግን የልጁ ጥቅም ከወላጅነት መብት ይቀድማል ብሎ ሻረው። የሰበር ትርጓሜ በክልል ፍርድ ቤቶችም ላይ አስገዳጅ ነው። የምነግርዎት ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም። በዚያ ችሎት አባትነቱን ማንም አልካደም፤ የከበደው ሳይኖር ያለፈው ዘመን ነው። እርስዎም የሚጠየቁት በዚያው ነው።

ስለ እንጀራ አባቱ፦ ልጁን በጉዲፈቻ ሊወስድ ቢፈልግ፣ የታወቀ አባት በሕይወት ካለ የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስምምነቱም በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። ለፓስፖርትም የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጆች ፈቃድ ወይም የሞግዚትነት ማስረጃ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ የሚጠብቅዎት ግን «የታወቀ አባት» ከሆኑ ብቻ ነው። የልደት ምዝገባው አለመደረጉ ለእርስዎ መልካም አጋጣሚ ነው፤ አንዴ በሌላ ሰው ስም ከተመዘገበ በኋላ ማቃናት የፍርድ ቤት ሥራ ይሆናል። ክስ ካስፈለገ ተከሳሿ በምትኖርበት በኮምቦልቻ ባለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ይግባኙ ደሴ ወዳለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

እናት ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ ጠበቃው የጻፉት ሁሉ ልክ ይሆናል። እኔ ግን በዚያኛው ወገን ያለሁ ሴት ነኝና የምትሰማኝ ከሆነ ጥቂት ልበል።

የልጄ አባት ደቡብ አፍሪካ ነው። አራት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ ልጄ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስታልፍ «ልጄን አገናኙኝ» ብሎ በዘመድ መጣ። በዚያ አራት ዓመት ውስጥ በትምህርት ቤት ፎርም ላይ «የአባት ስልክ» የሚለው ቦታ ላይ የወንድሜን ቁጥር ስሞላ ኖሬያለሁ። የልጅህ መታወቂያ ላይ የአያቱ ስም መጻፉ እንዳስከፋህ አነበብሁ። ያን ስም ያስጻፈችው ሴት አንተን ልትሰርዝ ብላ ላይሆን ይችላል። መዝጋቢው «የአባት ስም?» ብሎ እስክሪብቶ ይዞ ሲጠብቅ፣ ከኋላዋም ሰው ተሰልፎ ሲያያት ቤት ውስጥ ያለውን ወንድ ስም ተናግራ መውጣቷ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።

አንተ እንደ እኔው ሰው አይደለህም፤ ገንዘብ አላቋረጥህም፤ ይህን አከብራለሁ። ሆኖም ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ «እህቴ ነገረችኝ»፣ «እህቴ አረጋገጠች»፣ «እህቴ ላከችልኝ» ይላል። እናቱን ራሷን ጠየቅሁ የሚል አንድ ቦታ እንኳ አላገኘሁም። ልታገባ መሆኗን ከሰማህ በኋላ ነው ስለ ልጁ ስም የተጨነቅኸው። እሷ ይህን ከፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ ካነበበችው ጋብቻዬን ሊያፈርስ መጣ ትላለች፤ እጮኛዋም እንደዚያው። አንዴ እንዲያ ካሰበች የምትፈልገውን የእምነት ቃል ከእሷ አታገኝም።

እኛ በመጨረሻ ምን አደረግን መሰለህ? ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ወረቀት ላይ አሰፈርን፤ ወረዳ ፍርድ ቤት አቅርበን አጸደቅነው። በየሳምንቱ እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል። ካልደወለ እስከሚቀጥለው እሑድ ሌላ ቀን መደወል አይችልም፤ ይህን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ስልክ አቅፋ እንዳታመሽ። የትምህርት ቤት ክፍያ በመስከረምና በየካቲት በቀጥታ በእኔ ሒሳብ ያስገባል። ሽማግሌ ያስታረቀው ነገር ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ከቡናው ጋር ይበርዳል። የአፍ ቃል ብቻ ይዤ ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁና ነው።

ሌላም አለ። «ጋሼ» የሚልህን ልጅ በፍርድ ቤት ወረቀት «አባትህ ይህ ነው» አትበለው። መጀመሪያ የምትነግረው እናቱ ትሁን።

መንገደኛው (አቡዳቢ)፦

ወንድም ዓለም፣ አብሽር። የተጻፈልህ ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ከሩቅ ሆኜ ስሠራው የተሳሳትሁትን ነው። የእኔ ልጅ ወልዲያ ናት።

እኔ የሠራሁት ስሕተት ውክልና ላይ ነው። እዚህ ኤምባሲ ሄጄ ለወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ሰጠሁት፤ ቤት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ባንክ መክፈት፣ መክሰስና መከሰስ ሁሉ ተዘርዝሮበታል። ወንድሜ ያንን ይዞ «ልጅነትን ልቀበልለት» ብሎ ሲቀርብ የክብር መዝገብ ሹሟ ወረቀቱን አገላብጣ «ይህ ሰው ቤት እንድትሸጥለት ነው የወከለህ፤ ልጅ እንድትቀበልለት የሚል የት አለ?» አለችው። ተበሳጨሁ፤ ግን እውነቷን ነው። ልጅነትን መቀበል አባትየው ራሱ የሚናገረው ቃል ነው። እንደገና ሄጄ፣ ዕረፍት ጠይቄ፣ ሰነዱ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ አራት ወር ባከነብኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ያደረግሁት ይህ ነው። ውክልና ከመስጠቴ በፊት ራሴ የመቀበያ ቃሌን በጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ የእኔን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የልጅቱን ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታዋን፣ የእናቷን ሙሉ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ አብረን እንደ ኖርን፣ «ከእኔ የተወለደች ልጄ መሆኗን ተቀብያለሁ» የሚለውን ቃል ጻፍሁ። ይህን ኤምባሲ ቀርቤ በሹሙ ፊት ፈረምሁ። ለአንተ ጅዳ ያለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለልህ፤ ሪያድ ድረስ መሄድ የለብህም። ከዚያ ሰነዱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። እናቷ ደግሞ ወልዲያ ላይ መቀበሏን ፈረመች። ለወንድሜ የሰጠሁት ሁለተኛው ውክልና ሰነዱን እንዲያስገባ፣ ምስክር ወረቀቱን እንዲቀበልና ክርክር ቢነሣ እንዲቆምልኝ ብቻ የሚል ነበር።

አንድ ፊደል የምትለይ ስም ብዙ ታንከራትታለች። ፓስፖርትህ ላይ ስምህ በላቲን ፊደል እንዴት እንደ ተጻፈ፣ በአማርኛስ በቀበሌ መታወቂያህ ላይ «ሰይድ» ይሁን «ሠዒድ» አስቀድመህ አመሳክር። የእኔ የአያት ስም በአንዱ ላይ «ዓሊ» በሌላው «አሊ» ሆኖ ሌላ ሰው ነህ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

የቃሉ ልጅ (ጅዳ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ከኮምቦልቻ፣ የጻፍሽው አሞኛል፤ ግን እውነት ነው። ትናንት ማታ አሠሪዬን አድርሼ ስመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ለልጁ እናት ድምፅ ላክሁላት። ስለ ጋብቻዋ መርቄ፣ ልጁ ግን አባቱን ሳያውቅ እንዳያድግ ብዬ፣ ያንቺን የእሑድ ስልክ ሐሳብ ጨምሬ ነገርኋት። መልስ የሰጠችኝ ዛሬ ጠዋት ነው። እጮኛዋን አማክራ፣ እሱም አልተቃወመም፤ በስሙ አስመዘግባለሁ ያለው ልጁ ትምህርት ቤት አባት የለህም እየተባለ እንዳይሰደብ ብሎ መሆኑን ነገረችኝ። ወረቀቱ ላይ ልትፈርም ፈቃደኛ ናት። በምላሹ የትምህርት ቤቱን ክፍያ በእሷ ሒሳብ በቀጥታ እንድልክ፣ ለልጁ የምትነግረውም ራሷ እንድትሆን ጠይቃለች። ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

ጠበቃውን ሁለት ነገር ልጠይቅ። እሷ ከፈረመች ምስክር ማሰባሰቡ ይቀራል? ደግሞስ ጉዳዩን የሚከታተልልኝ አጎቴ ደሴ አለ፤ እሱን መወከል እችላለሁ?

ጠበቃ ከደሴ፦

በመልካም ጀምረዋል። እሷ መቀበሏን ከፈረመች ሰነዱ ኮምቦልቻ ባለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ ልጅነትን መቀበል ራሱ እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ ሁሉ የሚመዘገብ ኩነት ነው። ልደቱም አብሮ ይመዝገብ። በሕጉ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነበር፤ የእናንተ ልጅ ሰባት ዓመት ዘግይቷልና የዘገየ ምዝገባ የሚጠይቀውን ማስረጃ እህትዎ አስቀድማ ትጠይቅ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ የአባቱን ስም እንዲያስተካክል በዚያው ይጠየቃል።

አጎትዎን በተመለከተ፣ ለቢሮ ጉዳይ ይሆናሉ፤ ፍርድ ቤት ቆመው ለመከራከር ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የሚፈቅደው ለጠበቃ ወይም እንደ እናት፣ አባትና ወንድም ላሉ የቅርብ ቤተሰቦች ነው፤ አጎት እዚያ ውስጥ የለም። ደሴ ላይ አጎታቸውን ወክለው መዝገቡ በመጀመሪያው ቀጠሮ የተመለሰባቸው ሰዎች አሉ። እናትዎ በሕይወት ካሉ እሳቸውን ይወክሉ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰ ደሴ በሚገኘው በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።

ምስክሮቹን ግን አይተዋቸው። እሷ ዛሬ ፈቅዳለች፤ ነገ ሊያጣላችሁ የሚችል ነገር አይጠፋም። የሚያውቋችሁ ሰዎች ስምና አድራሻ ተጽፎ በእህትዎ እጅ ይቀመጥ። አከራይዋ በሕይወት አሉ?

የቃሉ ልጅ (ጅዳ)፦

እናቴ ሐርቡ አሉ፤ እሳቸውን እወክላለሁ። አከራያችን የነበሩት እናትም በሕይወት አሉ፤ እህቴ ዛሬ ከሰዓት ሄዳ አነጋግራቸዋለች። ስሜን ስትጠራላቸው መጀመሪያ ያሉት «የታኅሣሥን ኪራይ ሳይከፍል የሄደው ነው?» ነው። ቀጥለውም እሷ ነፍሰ ጡር ሆና ውኃ ከሮቶው እየቀዳሁ አስገባላት እንደ ነበር፣ ለመውጣት ስነሣም በራቸው ላይ ተቀምጠው ዱዓ እንዳደረጉልኝ ተናግረዋል። እመሰክራለሁ ብለዋል። ኪራዩን ረስቼው ነበር፤ ነገ ልልክላቸው ነው።

ጠበቃ ከደሴ፦

ዕዳውን መክፈልዎ ተገቢ ነው፤ ሴትየዋም ስምንት ዓመት ታግሠዋል። ነገር ግን ለምስክር ገንዘብ ተሰጠ እንዳይባል በሐዋላም በእጅም አይላኩ። በባንክ ይግባ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም «የታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የቤት ኪራይ» ተብሎ ይጻፍ። ደረሰኙንም ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ያስቀምጡት፤ በዚያ ወር እዚያ ቤት ይኖሩ እንደ ነበር የሚያሳይ ወረቀት እስካሁን በእጅዎ አልነበረም።